ቀይዋ የአንገት ጨርቅ

ባለፈው እሑድ አምልኮ አልቆ ሰው ወደየመኪናው ሲበተን ፓስተራችን ከኋላ ጠሩኝ። እጃቸው ላይ እንደ ጃንጥላ የረዘመ ቀጭን የካርቶን ሣጥን ነበር።

"እህት አስቴር፣ ዕቃ መጥቶልሻል። በቤተ ክርስቲያኑ አድራሻ ነው የተላከው። ፉሚ የሚባል ሰው ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ" አልኩ። ሣጥኑን በሁለት እጄ ተቀበልኩ።

በር ላይ የቆሙት እህቶች ከበቡኝ።

"መጋረጃ ነው?"

"ኧረ የዓሣ ማጥመጃ ነው! ተስፋዬ ዓሣ ጀመረ እንዴ?"

"በዚህ በረሃ? አሸዋ ካላጠመደ!"

ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ሣጥኑን ቤት ወስጄ ከበሩ ጀርባ አቆምኩት። ሦስት ቀን አጠገቡ አለፍኩ። ባለቤቴ ተስፋዬ ከከተማው ወጣ ብሎ ኤፔክስ የሚባል ቦታ ያለ መጋዘን ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ለሺፍቱ ሲወጣ ጫማውን እያሰረ፣ "ለምን አትከፍቺውም?" አለኝ። እከፍተዋለሁ አልኩት።

ሣጥኑ ውስጥ ምን እንዳለ አውቅ ነበር። ምን እንደሚል ግን አላውቅም ነበር።

ነገሩ ሲጀመር ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ዲቪ ደርሶን ከተስፋዬ ጋር ላስ ቬጋስ ከገባን ገና ስምንት ወራችን ነበር። ዊንቸስተር የሚባል ሰፈር ሁለት ፎቅ ያለው አሮጌ አፓርትመንት ውስጥ እንኖር ነበር፤ ከእኛ ሥር እትዬ ዘነቡ ነበሩ። እትዬ ዘነቡ የጸሎት ሴት ነበሩ፤ ስንመጣ ብርድ ልብስና ድስት የሰጡን እሳቸው ናቸው። እናቴ ሩቅ ስለነበረች እናቴ ሆኑ። የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ከዚያ በፊት አንድ ጽንስ ወርዶብኝ ስለነበር ይህን እንደ እንቁላል ነበር የምይዘው። ስጓዝም ስቀመጥም እጄ ከሆዴ አይወርድም።

ሆቴል ውስጥ የምሠራውን የጽዳት ሥራ ሐኪም ስለከለከለኝ ጠዋት ጠዋት እንግሊዝኛ እማር ነበር። አስተማሪያችን ሚስተር ዴቭ በብርድም እጀ ጉርድ የሚለብስ ግዙፍ ሰው ነበር። አንድ ቀን፣ "ነገ ሙዚየም እንሄዳለን። የጃፓን ግጥም ነው። አይዟችሁ፣ ቃሉ ትንሽ ነው፤ ለእናንተ ልክ ነው" አለን።

ወሩ ጥር ነበር። ላስ ቬጋስ ብርድ የላትም የሚል ሰው ጥር ላይ አልኖረባትም። ነፋሱ ከተራራው ወርዶ አሸዋ ይዞ በልብስ ውስጥ ይገባል። በቫን ስፕሪንግ ቫሊ ወደሚባል ሰፈር ሄድን። ሙዚየም ሲባል ትልቅ ሕንፃ ጠብቄ ነበር፤ የደረስነው ግን ተራ መኖሪያ ቤት ነው። እንደ ጎረቤቶቹ አሸዋማ ቀለም የተቀባ፣ ግቢው ጠጠር የፈሰሰበት። አንድ ጊዜ አልፈነው ሄደን ተመልሰን ነው ያገኘነው።

በር የከፈቱልን ሚስስ ፉሚ ናቸው። ሰባ ያለፋቸው፣ ቁመታቸው ትከሻዬ የማይደርስ ሴት ነበሩ። የሟች ባላቸውንና የራሳቸውን ዕቃ ሰብስበው ቤታቸውን ለሰው የከፈቱት እሳቸው ነበሩ። ጫማ በር ላይ ይወልቃል። እግሬ አብጦ ስለነበር ጎንበስ ማለት አቃተኝ። ሚስስ ፉሚ በርጩማ አምጥተው አስቀመጡኝና ተንበርክከው የጫማዬን ክር ራሳቸው ፈቱ። አገራችን ቢሆን እኔ ነበርኩ የእሳቸውን እግር የማጥበው። አፍሬ እግሬን ልሰበስብ ስል ቁርጭምጭሚቴን ያዝ አድርገው፣ "ተቀመጪ" አሉኝ።

ቤቱ ውስጥ ድምፅ አልነበረም። ግድግዳው ላይ ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ የወረቀት ጥቅልሎች ተሰቅለዋል፤ አንዳንዱ ላይ የወፍ ወይም የቀርከሃ ሥዕል፣ አንዳንዱ ላይ በብሩሽ የተጻፈ ቀጭን ጽሑፍ። በእያንዳንዱ ሥር ትንሽ ካርድ አለች፤ ትርጉሙ በእንግሊዝኛ ተጽፎባታል፤ ከምን እንደተሠራም። ሚስስ ፉሚ ጥቁር ድንጋይ ላይ ጠብታ ውኃ አድርገው የቀለም ዱላ እያሹ አሳዩን። ሽታው ዝናብ የነካው ከሰል ይመስላል።

"ጥቀርሻ ነው" አሉ። "የተቃጠለ ነገር ነው።"

ከክፍላችን አንዲት ኩባዊት፣ "እንግዲያው የእኔ ምድጃ ስንት ግጥም አለበት!" ብላ አሳቀችን።

ግጥሞቹ ከሦስት መስመር አይበልጡም። ሌሎቹ "አለቀ? ይኸው ነው?" ይሉ ነበር። እኔ ግን አልገረመኝም። ናዝሬት ልጅ ሳለሁ ለቅሶ ቤት አልቃሿ ሁለት ስንኝ ጣል ስታደርግ ድንኳኑ ሲያነባ አይቻለሁ። አጭር ነገር ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ።

ወገቤን ሲያመኝ አየር ልወስድ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ያየሁት እዚያ ነው።

ከግድግዳው ሥር የሁለት ዓመት ልጅ የሚያህል የድንጋይ ምስል ቆሟል። ራሱ መላጣ፣ ዐይኑ የተጨፈነ፣ ፈገግ ያለ። ሕፃን ሲመገብ ደረቱ እንዳይቆሽሽ የምናስርለት ዓይነት ቀይ ጨርቅ አንገቱ ላይ ታስሯል። እግሩ ሥር አንድ ኩባያ ውኃና አንድ ብስኩት ተቀምጧል።

ያንን ቀይ አውቀዋለሁ። ስድስት ዓመቴ ሳለ አክስቴ ጌታን ስትቀበል ወንጌላውያን ቤቷ መጥተው የዛሯን ዕቃ ሁሉ ግቢ ውስጥ ሲያቃጥሉ ቆሜ አይቻለሁ። ጨሌው፣ ስኒው፣ መጨረሻ ላይ ቀዩ ጨርቅ። ጨሌው እሳት ውስጥ ጧ ጧ ሲል እናቴ ዐይኔን በእጇ ሸፈነችው፤ በጣቶቿ መካከል ግን አየሁ። ሽማግሌው ወንጌላዊ፣ "አመዱን አርቃችሁ ድፉት፤ ከቤት የወጣ ነገር ተመልሶ አይግባ" ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ አክስቴ ሌሊት መጮኋን ተወች። ይህን በዐይኔ ያየሁት ነው።

ምስሉ ፊት ስቆም ልጄ ሆዴ ውስጥ ዞረች። ያ የመጀመሪያው ጽንስ ትዝ አለኝ። "በኢየሱስ ስም" አልኩ። እጄ ሄዶ ቋጠሮውን ፈታው። ጨርቁ ስስ ነበር፤ ብዙ የታጠበ። ከኋላ ትንሽ የብረት የልብስ ቁልፍ ነበረችበት። አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ማንም አላየኝም።

ስንወጣ ሚስስ ፉሚ ጫማዬን ራሳቸው አሰሩልኝ። ሁለት ኮምጣጣ የጨው ፕሪም በወረቀት ጠቅልለው እጄ ላይ አስቀመጡና ወደ ሆዴ ጠቆሙ። "ለእሷ" አሉ። ሴት ትሁን ወንድ ሐኪሙ ገና አልነገረኝም ነበር።

እሑድ ከአምልኮ መልስ ለእትዬ ዘነቡ ጨርቁን አሳየኋቸው። በሁለት ጣታቸው ጫፉን ያዙት።

"ይሄ ቤት ውስጥ አድሯል?"

"ሦስት ቀን።"

"አንቺ ልጅ! ጃፓኖች መኪና ሲሠሩ ማን ይስተካከላቸዋል፤ ይሄን ደግሞ ምን አሠራቸው? ነይ ውረጂ፣ ክብሪት ያዢ።"

ከአፓርትመንቱ መኪና ማቆሚያ አጠገብ ጎረቤቶቻችን ሥጋ የሚጠብሱበት የብረት ምድጃ ነበር። ካርቶን ቀዳደን እሳት አነደድን። እትዬ ዘነቡ እየጸለዩ ጨርቁን ወረወሩት። ቀስ ብሎ ነው የተያዘው። ቀዩ ጠቆረ፣ ከዚያ ጫፉ እንደገና ቀይ ሆነ። ነፋሱ አጥንት ይሰብር ነበር። እትዬ ዘነቡ እጃቸውን ዘርግተው ሞቁ፤ እኔም እጄን ሞቅኩ። ከዚያ ኮቴን ከፍቼ ሆዴን ወደ እሳቱ አቀረብኩ። ሙቀቱ ደስ ይል ነበር። ልጄ ዝም አለች።

አመዱን አርቀን መድፋት ነበረብን። እትዬ ዘነቡ ጉልበታቸውን ስላመማቸው፣ "ነገ ትደፊዋለሽ" ብለውኝ ገባን። በማግስቱ አልደፋሁትም። ረሳሁት። ዛሬ ሳስበው ያ መርሳት ምሕረት ነበር።

ማክሰኞ ክላስ ስገባ ሚስተር ዴቭ እንደ ሌላው ቀን አልቀለደም።

"ከጓሮው ምስል ላይ ቀይ ጨርቅ ጠፍቷል። ንፋስ ወስዶት ይሆናል ብለው ሚስስ ፉሚ በየጎረቤቱ አጥር እየዞሩ እየፈለጉ ነው። ያየ ሰው ካለ ይንገረኝ።" ቀጥሎ የጨርቁን ነገር በቀላል ቃል ገለጸልን። ሚስስ ፉሚ አንዲት ልጅ ነበረቻቸው። በሦስት ዓመቷ በትኩሳት ሞተች። በአገራቸው ልጅ የሞተባት እናት ለዚያ ምስል ቀይ ጨርቅ ታስራለች። ጨርቁ ከልጅቷ ቀሚስ የተቆረጠ ነው። ባሕር ተሻግረው ሲመጡ ይዘውት የመጡት ቀሚስ ነው፤ ቀሪውን ብል በልቶት የተረፈው ያቺ ቁራጭ ብቻ ናት።

የሞተባት እናት። ሌላው ሁሉ ከጆሮዬ ወጣ፤ ያ ብቻ ቀረ። እኔም ነበርኩ። የእኔ ግን ልብስ እንኳ አልነበረውም።

ከክላስ ስወጣ ቀጥታ ወደ ምድጃው ሄድኩ። ጎረቤቶቻችን ሰኞ ምንም አልጠበሱበትም ነበር። አመዱ ነበረ፤ ከካርቶንና ከአሮጌ ከሰል ጋር ተደባልቆ። በጣቴ ስፈልግ ያቺ ቁልፍ ወጣች፤ ጠቁራለች ግን አልቀለጠችም። በዙሪያዋ ያለውን ግራጫ አመድ በማንኪያ ለቅሜ ባዶ የጃም ብርጭቆ ውስጥ አደረግሁ።

እትዬ ዘነቡ በመስኮት አዩኝ።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"የሰው ዕቃ ነው እትዬ። ልመልስ ነው።"

"አመድ ሆኖ?"

"አመድም ቢሆን።"

መስኮቱን ከፈት አድርገው፣ "የወጣ ተመልሶ አይግባ ይባላል፤ አንቺ ግን ልታስወጪው ነው። ሂጂ፣ ጌታ ይከተልሽ" አሉኝ። እሳቸው እንዲህ ነበሩ።

በሁለት አውቶቡስ ደረስኩ። ብርጭቆውን ጉልበቴ ላይ በሁለት እጄ ይዤው ነበር። ሚስስ ፉሚ በሩን ሲከፍቱ ገና ሳያስገቡኝ ተናገርኩ፤ ከገባሁ እንደማልናገር አውቄአለሁ።

"እኔ ነኝ የወሰድኩት።"

"የት አለ?"

ብርጭቆውን ሰጠኋቸው። አዩት። ሳይገባቸው ቆይቶ ገባቸው። ያን ጊዜ የፊታቸውን ሁኔታ መጻፍ አልችልም።

"ለምን?"

ስለ ጨሌ፣ ስለ አክስቴ፣ ስለ ናዝሬት ልነግራቸው ፈለግሁ፤ እንግሊዝኛው የለኝም። "ፈራሁ" አልኩ። "ለልጄ።"

ሆዴን አዩ፤ ረጅም ጊዜ። ከዚያ አመዱ ላይ ያለችውን ቁልፍ አነሱና አፋቸው ውስጥ ከተቷት። እናት የወደቀ ጡጦ በአፏ ጠርጋ ለልጅ እንደምትመልሰው። ከአፋቸው ሲያወጧት ነጥታለች። መዳፋቸው ውስጥ ጨበጧት።

"ሲቃጠል ብርድ ነበር?"

"ነበር።"

"ሞቅሽ?"

ውሸት መናገር እችል ነበር። "ሞቅን" አልኩ። "ሆዴንም አሞቅኩት።"

አስገቡኝ። በዚያ ቀንም ጫማዬን እሳቸው ናቸው የፈቱት፤ ቁልፏን ግን ከመዳፋቸው አልለቀቁም። ጥቁሩን ድንጋይ አወጡ፣ ውኃ ጠብ አደረጉ፣ ቀለሙን አሹ። ከብርጭቆው አንድ ቁንጥር አመድ ቆንጥረው ቀለሙ ላይ ነሰነሱ። እያሹት ድምፁ ተለወጠ፤ በጥርስ መሐል የሚያፏጭ ይመስላል። ከዚያ ብሩሹን ነክረው ሦስት መስመር ጻፉ። ሲጽፉ አልተነፈሱም። እኔም አልተነፈስኩም።

"ምን ይላል?"

"ልጅሽ ስትወለድ ይዘሻት ነይ። ያን ጊዜ አነብልሻለሁ።"

ስወጣ የእንግዶች መዝገብ ላይ ፈርሚ አሉኝ። እኛ አፓርትመንት እንቀያይር ስለነበር ከስሜ ሥር የቤተ ክርስቲያኑን አድራሻ ጻፍኩ። በመስኮት ጓሮው ይታያል። ምስሉ ነፋስ ላይ አንገቱ ባዶ ሆኖ ፈገግ እንዳለ ቆሟል።

ሊዲያ ሚያዝያ ላይ ተወለደች፤ ሙሉ ጤነኛ። እግዚአብሔር ይመስገን።

አልሄድኩም።

መጀመሪያ አራስ ነኝ አልኩ። ከዚያ ሥራ ጀመርኩ አልኩ። እውነቱ ግን የተጻፈውን ፈርቼ ነው። ልጅሽን ይዘሽ ነይ ለምን አሉኝ? እናት የልጇን ልብስ ላቃጠለችባት ሴት ምን ትጽፋለች? ያለ ምክንያት የወጣ እርግማን እንደማይደርስ ከልጅነቴ ተምሬአለሁ። የእኔ ግን ምክንያት ነበረው። ሊዲያ አራት ዓመት ሲሆናት አስም ያዛት። በእያንዳንዱ የድንገተኛ ክፍል ወንበር ላይ፣ ትንፋሿ ሲያፏጭ፣ ያ የቀለሙ ድምፅ ይሰማኝ ነበር። እጸልያለሁ። በጸሎቴ መሐል ሦስቱ ጥቁር መስመሮች ይመጡብኛል። አሥር ዓመት ሲሆናት አስሙ ለቀቃት። መስመሮቹ ግን አልለቀቁኝም።

አስሙ ሳይለቃት አንድ ቀን ከሐኪም ስንመለስ መኪናዬን የሚስስ ፉሚ ቤት አጠገብ ፓርክ አደረግሁ። ሊዲያ ከኋላ ወንበሯ ላይ ተኝታለች። በአጥሩ ክፍተት የምስሉ ጭንቅላት ይታያል። አንገቱ አሁንም ባዶ ነው። ሌላ ጨርቅ አላሰሩለትም። ሞተሩን ሳላጠፋ ሄድኩ። እትዬ ዘነቡ ወደ ጌታ ከመሄዳቸው በፊት ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ እጄን ይዘው፣ "ያቺን ሴትዮ ሄደሽ አየሻት?" ብለውኝ ነበር። አላየኋትም አልኳቸው። "እኔም እኮ ሞቄአለሁ" አሉ።

ትናንት ማታ ሊዲያ ለእራት መጣች። ነርስ ናት አሁን። ከበሩ ጀርባ ሣጥኑን አየች።

"እማዬ፣ ይሄ ምንድነው? ለምን አልከፈትሽም?"

"አንቺ ክፈቺው።"

በመኪናዋ ቁልፍ ጫፍ ቀደደችው። ከላይ የሚስስ ፉሚ የእህት ልጅ የጻፈው ደብዳቤ ነበር፤ አክስቴ ዐርፈዋል፣ ሙዚየሙን ዘግተናል፣ ይህ ለአስቴር ይላክ ብለው በጥቅልሉ ጀርባ ላይ ጽፈዋል ይላል። ሊዲያ ጥቅልሉን ፈታችው። እነዚያው ሦስት መስመሮች ናቸው። ጥቁሩ ውስጥ ግራጫ ነጠብጣብ አለ።

ከሥሩ ካርድ ነበር፤ ጫፉ ፀሐይ ያገረጣው። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ይህ ሁሉ ዓመት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ ትርጉሙ በሥሩ። የገባ ሰው ሁሉ አንብቦታል። ከእኔ በቀር።

እንግሊዝኛውን ራሴ ማንበብ እችላለሁ አሁን። ዐይኔን ግን አላመንኩትም። "አንብቢልኝ" አልኳት።

"'ቀለም፣ አመድ፣ ወረቀት' ይላል። ምን የተሠራ እንደሆነ ነው። ቆይ... ፖኤሙ ይሄ ነው። ልተርጉም? አማርኛዬ ግን አትሳቂ።"

"አልስቅም።"

ጣቷን ከመስመር መስመር እያወረደች አነበበች።

"'የልጄ ልብስ ነደደ። ብርድ ነበር። የማንን ልጅ አሞቀ?'" ቀና አለች። "ጥያቄ ነው እማዬ። አንሰር የለውም። እማዬ? እያለቀስሽ ነው?"

ልጅሽን ይዘሽ ነይ ያሉኝ ለዚህ ነበር። ማየት ፈልገው ነበር። የልጃቸው ልብስ ያሞቀውን ፊት አንድ ጊዜ ማየት፤ ሌላ ምንም አልጠየቁኝም ነበር። እኔ ደግሞ ከአጥር ውጪ ሞተር ሳላጠፋ ቆሜ፣ ልጄን ከኋላዬ አስተኝቼ ሄድኩ።

ለድንጋይ ዛሬም አልሰግድም። ያ ጨርቅ ግን የድንጋዩ አልነበረም። ይህን ለሊዲያ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት። እራቱ ቀዘቀዘ። ስጨርስ ጥቅልሉን ይዛ ወንበር ላይ ወጣችና ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ሚስማር ፈልጋ ሰቀለችው።

አሁን እዚያ ነው። ማሞቂያው በተነሳ ቁጥር ወረቀቱ ትንሽ ይነቃነቃል፤ ከኋላው ሰው ያለ ይመስላል። ድሮ ቢሆን እፈራ ነበር። አሁን ግን ሊዲያ እዚሁ አድራለች፤ ወደ ወጥ ቤት ስትሄድ በሥሩ ታልፋለች። ባለፈች ቁጥር፣ ዘግይቶም ቢሆን፣ በልቤ የሚስስ ፉሚን ጥያቄ እመልስላቸዋለሁ።

ይቺን።